በፎቶው ጥግ የታተመው ቀን

3/2/96

ለምወድህ ወንድሜ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤናና በሰላም ያግኝህ። እኔም ሆንኩ እናታችን፣ ዓይኗን ትተን፣ ደህና ነን። የጎደለን አንተን ማየት ብቻ ነው፤ እሱም ከዛሬ ነገ ይሞላል እያልን ይኸው ስድስተኛ ዓመታችን።

ካሜራው ደርሷል። ይዞት የመጣው የሥራ ባልደረባህ እናታችንን ሰላም ሳልል አልሄድም ብሎ፣ ትከሻዋን ስሞ ነው የተለየን። ጨዋ ሰው ነው። የተጠቀለለበት ሻርፕ ግን የሴት ነው፤ ሽቶው እስካሁን ከሣጥኔ አልወጣም። የማን ነው ብዬ አልጠየቅሁም፣ አንተም አልነገርከኝም።

እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ የተማሪ ደንብ ልብስ ስቆርጥ የኖርኩ ሰው፣ ከመቀስ ሌላ ዕቃ እጄ ላይ አይበረክትም። ቢሆንም ትናንት እናታችንን መስኮቱ ሥር አስቀምጬ አነሳኋት። ከካሜራው ጀርባ ትንሽ መስኮት አለች፤ ትናንት 2 2 96 ትል ነበር፣ ዛሬ 3 2 96 ትላለች። የሰፈራችን ፎቶ አንሺ እንደነገረኝ ይህ ቁጥር በየፎቶው ቀኝ ጥግ በብርቱካን ቀለም ይታተማል። እኔ አልወደድኩትም። የእናቴ ቀሚስ ላይ ቁጥር ምን ይሠራል፣ እስረኛ ናት?

እሷ ግን ደስ አላት። ታውቃታለህ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት ተቀምጣ የሰው ደብዳቤ ላይ ቀን ስትመታ የኖረች ናት። ሰፈሩ እስከ ዛሬ «እማማ ማኅተም» ነው የሚላት። ወረቀት ከያዝክ «ቀኑ ስንት ይላል?» ብላ ነው የምትጀምረው። «ቀን የሌለው ወረቀት የማንም ነው» አለችኝና አርፌ ተቀመጥኩ። ለማንኛውም ቁጥሩ እንዴት እንደሚጠፋ ጻፍልኝ። ካልጠፋም ልክ መሆኑን ንገረኝ። ፊልሙ ደግሞ እኔ ሳልጀምረው ዘጠኝ ፎቶ ተነስቶበታል፤ የአንተ ናቸው?

ለቀኝ ዓይኗ ቀጠሮ አገኘን። በ20/5 ሞራውን ይገፍፉላታል። ሐኪሙ «እንደ ድሮው ታነቢያለሽ» ብሏታል። ያን ቀን እየቆጠረች ነው።

የአባታችንን ነገር ዛሬም በደብዳቤ እንዳላነሳብህ ታስጠነቅቀኛለች። ያኔ እሱን ስንቀብር አንተ እግርህ ተሰብሮ ሆስፒታል ነበርክና፣ ሐዘኑ ከሕመሙ ጋር ተደርቦ እንዳይጎዳህ ብላ ነው። ይኸው አነሳሁት፤ አንተ አትንገራት።

እህትህ

21/2/96

ለታላቅ እህቴ፣ ከእናቴ ቀጥሎ ሁለተኛ እናቴ ለሆንሽው እትዬ፣

ከእግር ጥፍርሽ እስከ ራስ ፀጉርሽ ሰላም ለአንቺ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። ሥራው ያው ነው፤ ሰው ሊፍት ውስጥ ይታሰራል፣ እኔ ሄጄ አወጣለሁ፣ ያወጣሁት ሰው ይሰድበኛል።

የዓይኗን ዜና ሳነብ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። በምትችይው ሁሉ አንሽልኝ። ስትስቅ፣ ስትቆጣ፣ ራዲዮ ስትሰማ።

የቀኑን ነገር እባክሽ አትንኪው። ልክ ነው። በእኛ አቆጣጠር የሞላሁት እኔው ነኝ፤ ካሜራው ከተገዛ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ስቶ አያውቅም። እኔ የመሣሪያ ሰው ነኝ፤ መሣሪያ ሲዋሽ ከድምፁ አውቃለሁ፣ ይሄ አይዋሽም። ደግሞ ቀኑ ካለ እናቴ የትኛው ቀን ላይ ምን እንደምትመስል አውቃለሁ፣ አብሬያት የዋልኩ ይመስለኛል።

ዘጠኙ ፎቶ የወርክሾፑ ሳይሆን አይቀርም። የተቃጠለ ሞተርና ዘይት የነካው ፊቴ ነው። ጣያቸው።

ስለ ሻርፑ፣ ከሰው ተውሼ ነው። እግሬን ብትጠይቅሽ ብርድ ሲሆን ብቻ እንደሚጠዘጥዘኝ ንገሪያት።

ወንድምሽ

12/3/96

ወንድሜ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኛ አለን።

ፊልሙ ታጠበ። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ሲሉ እሰማ ነበር፤ ፎቶ ቤትም እንደሚያወጣው አላውቅም ነበር።

ዘጠኙ የወርክሾፕ አይደሉም። በስምንቱ ላይ ጥቁር ሱፍ ለብሰህ ነጭ ከለበሰች ሴት ጋር ነህ፤ ኬክ ስትቆርጡ፣ ስትጨፍሩ፣ ሰው አበባ ሲበትንባችሁ። በዘጠነኛው ላይ ብቻህን ነህ። አዳራሽ በር ላይ፣ ኮትህ ላይ አበባ ተሰክቶ፣ ቀኝ እጅህን ደረት ኪስህ ላይ አድርገህ ቆመሃል። በዘጠኙም ጥግ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ነው፤ 14 9 94።

ያን ቀን በዘጠኝ ሰዓት አባታችንን ቀበርን። ያን ቀን ጠዋት ጎረቤት ሱቅ ስልክ ላይ ደውለህ «ሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ወድቄ እግሬ ተሰብሯል፣ ሆስፒታል ነኝ፣ መምጣት አልችልም» አልከኝ። ከጀርባህ ሙዚቃ ይሰማ ነበር። ምንድን ነው ስልህ የበሽተኞች ክፍል ራዲዮ ነው አልከኝ። አመንኩህ። ለምን አላምንህም?

አሁን የባሰውን ስማ። ፎቶውን ልንቀበል የሄድነው አብረን ነበር። እኔ ሒሳብ ስከፍል ፎቶ አንሺው ለእናታችን ደግ ልሥራ ብሎ፣ «ይኸውልዎ ልጅዎ፣ ሱፍ ለብሶ አምሮበታል» ብሎ ዘጠነኛውን በእጇ አስያዛት። ዓይኗ ከጥላ በቀር አያይም፤ አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ ጥቁር ነገር ብቻ አየች። ከዚያ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ሌሎቹ እኔ ዘንድ ናቸው፤ እሱ ግን ከእጇ አይወጣም። «ዓይኔ ሲበራ መጀመሪያ የማየው ይሄን ነው» ትላለች።

የምታየውን እኔም አንተም እናውቃለን። ያን ቀን የምትረሳ ይመስልሃል?

ቀኑ ልክ ነው ወይ ብዬ ጠይቄህ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ስቶ አያውቅም አልከኝ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

እህትህ

2/4/96

ለውድ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እናቴስ? ጉልበቷስ? ጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላም ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፣ ለክፉ አይሰጥም።

ስለ ቀኑ ሳስበው ትክክል ላይሆን ይችላል። እነዚህ ካሜራዎች ባትሪያቸው ሲደክም ይቀባዥራሉ። እዚህ ብዙ ሰው ላይ ደርሷል። ያለፈው ደብዳቤዬ ላይ በችኮላ ነው የጻፍኩት። ስለዚህ በአንድ ቁጥር ተነስተሽ ብዙ ነገር አታስቢ።

ቢሆንም እናቴ ሰው ናት፣ ልትደናገጥ ትችላለች፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ ድንጋጤ ለዓይን ጥሩ አይደለም። አንድ ነገር ልለምንሽ። ስትታጠብ ወይም ስትተኛ ፎቶውን ወስደሽ ያችን ጥግ በመቀስ ቁረጫት። አንቺ ቆራጭ ነሽ፤ ከተሠራበት የተለየ እንዳይመስል አድርገሽ ትቆርጪዋለሽ። እሱ ካልሆነ ፎቶ አንሺው ቁጥሩ የሌለበት ሌላ ያትምልሽ። ስምንቱን አቃጥያቸው።

ሌላውን ስመጣ ተቀምጠን እናወራለን። እስከዚያ በአባቴ ሞት፣ ለማንም አትናገሪ።

ወንድምሽ

19/4/96

ወንድሜ፣

በአባትህ ሞት ልትለምነኝ ደፈርክ?

ፎቶ አንሺውን ጠየቅሁት። ባትሪው ካለቀ ካሜራው ወደ መጀመሪያው ዓመት፣ ወደ መጀመሪያው ወር፣ ወደ መጀመሪያው ቀን ነው የሚመለሰው አለኝ። ካለው ቀን ሁሉ መርጦ አባትህ የተቀበረበት ላይ አይቆምም። እኔ ያነሳኋቸው ደግሞ፣ በዚያው ፊልም ላይ፣ ቀናቸው ልክ ነው። ስለ ሴትዮዋም አንድ መስመር አልጻፍክም። ሻርፑ የእሷ ነው አይደል?

እንግዲህ የሠራሁትን ስማና እፈር፤ እኔ አፍሬ ጨርሻለሁ። ቁጥሩ ከፊልሙ ጋር አብሮ የተቃጠለ ነው፣ ያለ እሱ አይታተምም አለኝ። ጥጉን እንዳልቆርጠው የጫማህ ጫፍ እዚያው ላይ ነው። ስለዚህ ሌላ አሳትሜ፣ ቁጥሩን በቀጭን ብሩሽ በጥቁር ቀለም አስሸፈንኩት። ጥሩ ሠራው። እሑድ ጠዋት እናታችን ገላዋን ስትታጠብ ከትራሷ ሥር የነበረውን አውጥቼ አዲሱን አስገባሁ።

ወጥታ፣ ፀጉሯን እያደራረቀች፣ እጇን ትራሷ ሥር ሰደደች። ወዲያው «ይሄ የኔ አይደለም» አለች።

«የአንቺው ነው እማዬ» አልኳት።

«የኔ ከታች በቀኝ በኩል ትንሽ ታጥፏል። ይሄ እንደ አዲስ ብር ደርቋል። ጥጉ ላይ ደግሞ የሆነ ነገር ተቀብቶበታል፣ ይሻክራል። አንቺ ልጅ፣ ይሄ አውራ ጣት ሠላሳ አንድ ዓመት ወረቀት ሲነካ የኖረ ነው። ወዴት ወሰድሽብኝ?»

ከታጠበ አንሶላ ጋር ተደባልቆ ነው ብዬ መለስኩላት። በአርባ ስድስት ዓመቴ እናቴን ሰረቅሁ፣ ተያዝኩ፣ ከዚያ ዋሸሁ። ከዚያ ወዲህ ፎቶውን በመሐረብ ጠቅልላ መቀነቷ ውስጥ ነው የምታስረው። ለምን እንደቀየርኩት አልጠየቀችኝም። አለመጠየቋ ነው የሚያስፈራኝ።

አንድ የማታውቀውን ልንገርህ። ያን ሰሞን ለቀስተኛው ሁሉ ሊያጽናናት ሲመጣ «እኔን ተዉኝ፣ የልጄ እግር እንዲጠገን ጸልዩልኝ» ነበር የምትለው። የባሏን ሐዘን ትታ የአንተን እግር ታስታምም ነበር። ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፣ ሰው አባታችንን በደብዳቤ እንዳያነሳብህ አፋችንን ያሰረችው አንተን አስባ ነው።

ከእንግዲህ መቀስም ብሩሽም አልይዝልህም። በ20/5 ሞራው ይገፈፍላታል፣ በማግሥቱ ፋሻው ይፈታል። እውነቱን ጻፍ። ከዚያ በፊት ከደረሰልኝ እኔ ራሴ አነብላታለሁ፤ ከእኔ አፍ፣ በአንተ ቃል ትስማው። ካልደረሰ እኔ ዝም ነው የምለው፤ ከፎቶው ጥግ ራሷ ታነበዋለች። ምርጫው የአንተ ነው።

እህትህ

8/5/96 (ቴሌግራም)

ቀጠሮው አልተለወጠም። ደብዳቤ አልመጣም። እህትህ።

10/5/96

እትዬ፣

ቴሌግራምሽ ደረሰኝ። ከአንቺ ቴሌግራም ሲመጣልኝ ሁለተኛዬ ነው። ይህን ደብዳቤ ለፖስታ አላመንኩትም፤ ነገ የሚበር ሰው አግኝቼ በእጁ ሰጥቼዋለሁ።

ከደብዳቤሽ በኋላ ለባለቤቴ ነገርኳት። አዎ፣ ባለቤቴ። ካሜራውም ሻርፑም የእሷ ነው። ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው። ፊልሙ የሠርጋችን መሆኑን እሷም ረስታው ነበር፤ ያነሳው ወንድሟ ነው፣ ከዚያ ካሜራው መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። «ለእናትህ ላክላት» ያለችኝ እሷ ናት። ያን ቀን አባቴ እንደተቀበረ ግን አታውቅም ነበር። ስነግራት «እኔን ያስጨፈርከኝ ለቅሶ ላይ ነው?» አለችኝ። ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን «ለእናትህ ሳትነግራት ፊቴን እንዳታይ» አለችኝ። ይህን የምነግርሽ በራሴ ጀግንነት የጻፍኩ እንዳይመስልሽ ነው።

ከዚህ በታች ያለውን አንብቢላት። አታሳምሪው።

እናቴ፣

እግሬ ተሰብሮ አያውቅም።

የአባቴን ሞት የሚነግረው ቴሌግራም የደረሰኝ በ13/9፣ ወርክሾፕ ውስጥ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ሠርጌ በማግሥቱ ነበር። ሠርጌን አልነገርኳችሁም ነበር፤ ከተጋባን በኋላ ይዣት መጥቼ ላስደንቃችሁ ነበር ዕቅዴ። ቴሌግራሙን አነበብኩት፣ አጠፍኩት፣ ኪሴ ከተትኩት። ብበርም ለቀብሩ አልደርስም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነት ነው፣ አልደርስም ነበር። ግን ላለመሞከሬ ምክንያት ያ አይደለም። አዳራሹ ተይዟል፣ ሰው ተጠርቷል፣ የልጅቷ አባት ልብሱን አስተኩሶ ተቀምጧል። ፈራሁ።

ጠዋት የደወልኩት ሁሉንም ልናገር ነበር። እትዬ ስልኩን አንስታ ስሜን ስትጠራ ድምፅዋ ተቆረጠ። ያን ድምፅ ሰምቼ «እያገባሁ ነው» ማለት አልቻልኩም። እግሬ ተሰበረ አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ከዚያ ወደ አዳራሹ ገባሁ። እናቴ፣ አባቴ ሲቀበር እኔ እየጨፈርኩ ነበር። ቴሌግራሙ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። በያዝሽው ፎቶ ላይ እጄን የጫንኩት እሱ ላይ ነው።

ፎቶው ላይ ያለው ቀን ልክ ነው። ጥጉን እንድትቆርጠው፣ እንድትሸፍነው እትዬን ያስቸገርኳት እኔ ነኝ፤ በእሷ እንዳትቀየሚ።

ልጅሽ

25/5/96

ወንድሜ፣

እንደምን ነህ? እናታችን ታያለች። ይህን በመጀመሪያ ልጻፍልህ፤ ሌላው ይደርሳል።

ደብዳቤህ በ17 ደረሰ። ሁለት ቀን ደረቴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። በ19 ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል አስተኟትና አልጋዋ ጫፍ ተቀምጬ ደብዳቤ ከወንድሜ አለ አልኳት።

«ቀኑ?»

«አሥር አምስት ዘጠና ስድስት።»

«በዘጠኝ ቀን? ፖስታ አይደለም ያመጣው፣ ሰው ነው። ሰው ከላከ ነገር አለ። አንብቢ።»

አነበብኩላት። አላሳመርኩትም። «እየጨፈርኩ ነበር» የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ዝቅ አደረግሁት። «ቀጥይ» አለችኝ። ጨረስኩ። እጇን መቀነቷ ላይ አሳረፈች። ነርሷ የደም ግፊቷን ልትለካ ገባች፤ ከፍ ብሏል፣ እንዲህ ከሆነ ነገ ቀዶ ጥገናው አይደረግላትም አለች። «ምን ነክቶዎት ነው እናቴ፣ ምን አሰቡ?» ስትላት እናታችን ምን ብትል ጥሩ ነው?

«ልጄ አግብቶ ነው።»

ነርሷ እንኳን ደስ አለዎት ብላ ወጣች። እኔ ግድግዳውን አየሁ።

ሲነጋ ግፊቷ ወረደ፣ ሞራው ተገፈፈላት። በማግሥቱ ፋሻው ሲፈታ መሐረቡን ፈታች። እኔ የጠበቅሁት ቁጥሩን እንድታነብ ነበር። እሷ ግን ፊትህን ነው ያየችው፣ ረጅም ሰዓት። «ከስቷል» አለች። ከዚያ ስምንቱን አምጪ አለችኝ። ሚስትህን ከዓይኗ አስጠግታ አየቻት። «እጇ የሠራተኛ እጅ ነው። ወደዳት እንዴ? ወዷታል» አለች፣ ራሷ ጠይቃ ራሷ መለሰች። ወደ ቁጥሩ የደረሰችው በመጨረሻ ነው። ፎቶ አንሺው ሊጠይቃት መጥቶ ነበርና፣ ከፈለጉ በሁሉም ላይ ቁጥሩን አጠፋልዎታለሁ አላት። «የሚሰረዝ ቀን በስህተት የተመታ ብቻ ነው፤ ይሄ ልክ ነው» ብላ መለሰችለት።

ከዚያ እንዲህ ብለሽ ጻፊ አለችኝ። ቃሏ ይኸው።

«ልጄ፣ ሐዘኑን ያለ አንተ ችዬዋለሁ። ለቅሶ የዕድሜ ነገር ነው፣ አያንሰኝም። ደስታህን ግን ለምን ነፈግኸኝ? ባሌን ባፈር በሸፈንኩበት ቀን አንድ መልካም ወሬ ብሰማ ማን ይቆጣኝ ነበር? ሁለት ዓመት ሚስትህን እንደምን ናት እያልኩ መጠየቅ ስችል፣ ደህና እግር እንደምን ነው እያልኩ ከረምኩ። ይዘሃት ና። የግራ ዓይኔን ሞራ የሚገፍፉት በክረምት ነው፤ ከዚያ በፊት ድረሱ፣ በአንድም ዓይን ቢሆን ልያችሁ።»

የእሷ ይህ ነው። ይቅርታ ጠይቀኝ አላለችህም፣ ናልኝ ነው ያለችህ። እናት ናት።

እኔ እናትህ አይደለሁም። ልንገርህ። ያን ቀን ከመቃብሩ አፋፍ ላይ ሰው ሁሉ «ወንድ ልጁ የት አለ?» ሲል እግሩ ተሰብሮ ነው እያልኩ የመለስኩት እኔ ነኝ። አባቴን ወደ ጉድጓድ ሲያወርዱት አንተ ባዕድ አገር ብቻህን አልጋ ላይ ተኝተህ ታየኝና፣ ለአባቴ ማልቀሱን ትቼ ለእግርህ አለቀስኩ። አባቴን በደንብ አላለቀስኩትም። ሁለት ዓመት ይህን ለማንም አልተናገርኩም። አንተን ይቅር ማለት ያቃተኝ ለዚህ ነው፤ ስለ ዋሸኸኝ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ረስቼው ነበር።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ። ሻርፏን አጥቤ አስቀምጬላታለሁ። ስትመጡ የእኔን ክፍል እለቅላችኋለሁ፣ አልጋውም ሰፊ ነው። ከደረስክ በማግሥቱ አባታችን ዘንድ እወስድሃለሁ። ከከተማው ወዲያ ማዶ ነው፣ ዳገቱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። መኪና አልጠራልህም። በእግርህ ትሄዳለህ።

እህትህ